ቅጠሏ የማይታመም ጽጌረዳ

ባለፈው ሳምንት ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ከቤቴ ብዙም ከማይርቅ የግንባታ ዕቃ መደብር፣ ለሚያንጠባጥብ ቧንቧ ላስቲክ ልገዛ ገብቼ፣ የአትክልት መድኃኒት ከተደረደረበት ጥግ አንድ ከረጢት ተቀዶ ቢጫ ዱቄት ሲሚንቶው ላይ ፈስሶ አገኘሁ። ድኝ ነበር። ጽሑፉን ሳላነብ አፍንጫዬ ቀድሞኝ አወቀው፤ ያ በተጫረ ክብሪትና በተበላሸ እንቁላል መሀል ያለ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ። ሠራተኛው መጥቶ ጠርጎ እስኪጨርስ ድረስ ጋሪዬን ይዤ ተገትሬ ቀረሁ፤ ምን ልገዛ እንደመጣሁም ጠፋኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ኦክላንድ፣ ክፍል ስገባ የለበስኩት ኮት እንዲህ ይሸት ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ከካርቱም ተነስተን ካሊፎርኒያ ስንገባ ሦስት ነበርን፤ አባዬ፣ እማዬና እኔ። አባዬ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ አምስት ቤት ቀየርን፤ መጀመሪያ ሳን ፓብሎ፣ ከዚያ መጋዘን ሥራ ሲያገኝ እዚያው ካሊፎርኒያ ያለችው ኒውአርክ፣ ከዚያ ሳን ሆዜ ሁለት አፓርትመንት፣ በመጨረሻ ታክሲ መንዳት ሲጀምር ኦክላንድ። አዲስ ቤት በገባን በወሩ እራት ላይ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ጠረጴዛውን ከሥር ይመታዋል፣ ውሃው ብርጭቆ ውስጥ ይርገበገባል፣ እማዬ ውሃውን ታያለች፣ እኔም አያለሁ፣ ሁለታችንም ካርቶን መሰብሰቢያው እንደደረሰ ይገባናል። ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ክልክል ነበር። የእመቤታችን ሥዕል በአምስቱም ቤት ወንበር ላይ ተደግፋ ነው የኖረችው፤ እንግዳ ሲመጣ እሷን አንስተን እንግዳውን እናስቀምጣለን።

እማዬ ለዚህ ሁሉ ክፉ ቃል አይወጣትም ነበር። በርክሌ አንድ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፣ የትም ብንሄድ አውቶቡሱን ታገኘዋለች። ለራሷ ብላ የገዛችው የመጀመሪያ ነገር ሳን ሆዜ ሳለን ከሱፐርማርኬት በር ላይ ያነሳቻት አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ናት። በረንዳችን ላይ ባልዲ ውስጥ ተከለቻት፤ የሳን ሆዜ ፀሐይ ደግሞ የተከሉትን ሁሉ ያበቅላል፣ ባልዲዋ እስክትጠፋ ድረስ አበበች። ኦክላንድ ስንሄድ ጽጌረዳዋ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ ነው የተጓዘችው፤ እሾኋ የወጋኝ ቦታ እስከ አሁን ትንሽ ምልክት አለው።

የኦክላንዱ ቤት ከፊቱ ለፊት፣ በደረጃውና በእግረኛው መንገድ መሀል፣ አልጋ የምታህል መሬት ነበረችው። እማዬ ላንድሎርዱን፣ አከራያችንን፣ አስፈቅዳ፣ ማለትም እኔ በእንግሊዝኛ አስፈቅጄላት፣ ጽጌረዳዋን ከባልዲ አውጥታ መሬት ውስጥ ተከለቻት። አባዬ ከሥራ ሲመለስ መኪናውን እንኳ ሳያጠፋ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየ።

"መሬት ውስጥ አስገባሻት?" አላት።

"ባልዲው ጠበባት።"

"ነገ ሙቭ ስናደርግ ምን ልትሆኝ ነው?"

እማዬ አፈሩን በእጇ ጠቀጠቀች። መልሱን የሰጠችው ጽጌረዳዋ ናት ማለት ይቻላል። የኦክላንድ በጋ በጋ አይደለም፤ ሰዎች ሳን ሆዜ ላይ በሙቀት ልብሳቸውን ሲያወልቁ እኛ ከባሕሩ በሚነሳው ጭጋግ ሹራብ እንደርባለን፣ ጠዋት ጠዋት መንገዱ ሁሉ ዝናብ የጣለበት ይመስላል። በጁን ወር ቅጠሎቿ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ወጣ፤ ከዚያ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከዚያ ከቅጠሉ ሥር ብርትኳንማ ዝገት። እማዬ ድኝ ገዝታ በካልሲ ቋጥራ በየጠዋቱ ታራግፍባት ጀመር። ነፋሱ ከሷ ይልቅ እኛን አከመን፤ መጋረጃው ሸተተ፣ እንጀራው ሸተተ፣ የእኔ ኮት ሸተተ፤ ክፍል ውስጥ ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጅ ወንበሯን ወደ ኋላ ትስብ ጀመር። ጽጌረዳዋ ግን ኦገስት ሳያልቅ ሞተች። እማዬ መለያቸው ላይ ባለው የአበባ ሥዕል እያማረጠች ተራ በተራ ሌሎች ሦስት ገዛች፤ እነሱም ተራ በተራ ታመሙ።

ለአራተኛ ጊዜ ችግኝ መሸጫው ስንሄድ፣ እዚያ የምትሠራ የጃፓን ዝርያ ያላት ሽማግሌ ሴት እማዬን አይታ፣ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "እናትሽ አበባ እያየች ነው የምትመርጠው፤ የሚመረጠው ቅጠሉ ነው" አለችኝ። በሜይ ሁሉም ጤነኛ ስለሆነ በሜይ አትግዙ፣ ጭጋጉ ከርሞበት በሴፕቴምበርም ቅጠሉ ንጹሕ የሆነውን ፈልጉ አለች፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የመሸጫው ባለቤት እንዳይሰማ መሰለኝ፣ እንዲያውም እዚህ ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ በሰፈራችሁ ዙሩና ማንም የማይንከባከበው ሆኖ የማይታመም ጽጌረዳ ካያችሁ፣ ከእሱ ላይ የሚተከል ቁራጭ ለምኑ አለች። ሁሉንም ለእማዬ ተረጎምኩላት። እንደ ሐኪም ትእዛዝ አደመጠችው።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድመን እየወረድን የኦክላንድን መንገዶች በእግር ማሰስ ሆነ ሥራችን። እማዬ በነጠላዋ እንዳለች የሰው አጥር ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሐኪም የዓይን ቆብ እንደሚገለብጥ፣ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ትገለብጥና ሥሩን ታያለች። "ዝገት" ትላለች፣ ታልፋለች። "ዱቄት" ትላለች፣ ታልፋለች። እኔ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ የማላውቃት ሰው ለመምሰል እጥራለሁ፤ ሁለት ተመሳሳይ ፊት በአንድ መንገድ ላይ ቢታይ ማን ይታለላል።

አንድ እሁድ፣ ከትምህርት ቤቴ ሦስት መንገድ ወረድ ብሎ፣ ቀለሙ የተላላጠ ጋራዥ ላይ ተንጠላጥላ ጣሪያውን የወረሰች ሮዝ ጽጌረዳ አየን። ያጠጣት ሰው ያለ አይመስልም። እማዬ ቅጠሏን ገለበጠች፣ ሌላ ገለበጠች፣ ተንጠራርታ ሦስተኛ ገለበጠች። ንጹሕ። አዲስ እንደተወለወለ ጫማ ያበራል። "ነይ እስቲ፣ ነይ እዪ!" ብላ ጮኸች፤ በሩም ተከፈተ።

የወጡት ሚስተር ክላይድ ነበሩ፤ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ረጅም፣ ዕድሜያቸውን በባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ። ይህንን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት የነገሩኝ ጽጌረዳዋ ከእናታቸው፣ ከሉዊዚያና የመጣች መሆኗን፣ አንድም ቀን መድኃኒት ረጭተውባት እንደማያውቁ፣ አሁን መቁረጫ ጊዜዋ እንዳልሆነ ነው። "ጃንዋሪ ላይ ስከረክማት እናትሽን ይዘሻት ነይ፤ የፈለገችውን ያህል እሰጣታለሁ። የምሰጠው ሰው የለኝም" አሉኝ።

ልክ በዚያች ደቂቃ ከመንገዱ ማዶ ከክፍሌ ሦስት ልጆች ቆመው ያዩናል። ወንበሯን የምትስበዋም አለች። እማዬ ነጠላዋ እሾህ ላይ ተይዞባት፣ በአንድ እጇ ቅጠል ይዛ፣ አፍ አፌን ታያለች። "ምን አሉ?" አለችኝ።

"አይሆንም አሉ" አልኳት። "ሁለተኛ እንዳትመጡ አሉ።"

እማዬ ቀና ብላ ሽማግሌውን አየቻቸው። "እየሳቁ?"

"እዚህ አገር ሲቆጡም ይስቃሉ።"

ነጠላዋን ቀስ ብላ ከእሾሁ አላቀቀች። ቅጠሏን የምታስቀምጥበት ጠፍቷት አጥሩ ላይ አኖረቻት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ "ሶሪ፣ ሶሪ" አለቻቸውና መንገድ ጀመረች። እሳቸውም ስላስቸገርኩዎት ማለቷ መስሏቸው ከኋላዋ እጃቸውን አወዛወዙላት።

ከዚያ በኋላ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ቤት ሆነ። የሞቱትን ጽጌረዳዎች ነቅላ ጣለቻቸው። የአባዬ ጉልበት ጠረጴዛውን መምታት ሲጀምር፣ ሳን ሆዜ የተሻለ ሥራ ተገኘ፣ በጃንዋሪ መጨረሻ እንሄዳለን ሲል፣ "ጥሩ" አለች፤ ያ ብቻ። እኔ ሳን ሆዜን እወድ ነበር፣ ልደሰት ይገባኝ ነበር፤ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ፤ መጽሐፍ እከፍታለሁ እዘጋለሁ፣ ከመስኮት መስኮት እዞራለሁ፣ ትምህርት ቤት የምሄደው በሚስተር ክላይድ መንገድ ላለማለፍ ዙሪያውን ነው። አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኙኝና "ጃንዋሪ! ለእናትሽ ንገሪያት!" አሉኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ልንሄድ ሳምንት ሲቀረን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እማዬ ወለል ላይ ተቀምጣ ሲኒዎቹን በጋዜጣ ትጠቀልላለች፣ እኔ እያቀበልኳት። ስድስተኛው ሲኒ ላይ ስደርስ እጄ አልዘረጋ አለኝ። ነገርኳት። ልጆቹንም፣ ነጠላውንም፣ ጃንዋሪንም፣ ሁሉንም። እማዬ ጋዜጣውን አስቀመጠች። ብትጮህብኝ በተሻለኝ።

"ጫማሽን አድርጊ" አለችኝ።

ሚስተር ክላይድ ጽጌረዳዋን ከርክመው ጨርሰዋል። ጋራዡ ራቁቱን ቆሟል። እኛን ሲያዩ ወደ ጓሮ ሄደው እርጥብ አፈር የሞላባቸው አራት ትልልቅ ጣሳዎች አንድ በአንድ ይዘው መጡ፤ በእያንዳንዱ አንድ አንድ ቁራጭ ተተክሏል። "ሐሳቧን የቀየረች መስሎኝ ነበር፤ እንዲያው ለማንኛውም ብዬ ነው። ምነው ቆየች?" አሉኝ።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። "ምን አሉ?"

"ምነው ቆየች አሉ።"

"እንግዲያው ንገሪያቸው። 'ልጄ ዋሽታኝ ነው' በያቸው።"

"እማዬ..."

"'ልጄ ዋሽታኝ ነው።' እኔ እንዳልኩት አድርገሽ።"

አልኩ። በእንግሊዝኛ፣ በራሴ አፍ፣ "ልጄ ዋሽታኝ ነው" አልኩ። ሚስተር ክላይድ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ከኋላችን ሌላ ልጅ ፈለጉ። ከዚያ ገባቸው። ዕድሜዬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። "ማን እያየሽ ነበር?" አሉኝ። የክፍሌ ልጆች ስላቸው እንባዬ መጣ። ጣሳዎቹን እያስተካከሉ፣ እሳቸውም በእኔ ዕድሜ እናታቸው የሰው ልብስ ጥቅል ራሷ ላይ ተሸክማ ስትመጣ ዓይተው አጥር ዘለው እንደተደበቁ ነገሩኝ። እናታቸው ስታልፍ እግሯን በአጥሩ ሥር እንዳዩት፣ ጫማዋ ክር እንዳልነበረው። ይህንንም ለእማዬ ተረጎምኩ፤ አንድም ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። እናታቸው ልብስ አጣቢ ነበሩ ወይ ብላ ጠየቀች። ነበሩ። እማዬ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

ቤት ስንደርስ አባዬ ካርቶን መኪና ላይ እየጫነ ነው። እማዬ አልፋው ወደዚያች አልጋ የምታህል መሬት ሄዳ ተንበረከከች፣ በወጥ ማንኪያ መቆፈር ጀመረች።

"አስካለ፣ አርብ ሙቭ እናደርጋለን እኮ።"

"አንተ አድርግ። እኔ እዚህ ነኝ።"

"ሥራው ሳን ሆዜ ነው።"

"የእኔ በርክሌ ነው።"

አባዬ ወደ እኔ ዞረ፣ እንድተረጉምለት የሚጠብቅ ይመስል። የተናገረችው ግን በአማርኛ ነበር።

አርብ ብቻውን ሄደ። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያድር ነበር፤ እራት ላይ ጉልበቱን በእጁ ተጭኖ ይይዘው ነበር፣ እንዳይመታ። ከሳን ሆዜ ዴንቨር ሄደ፣ ከዴንቨር ዳላስ፤ ለፋሲካ ለፋሲካ ብቻ መምጣት ሆነ፣ ከዚያ ስልክ ብቻ። አልተፋቱም፤ እማዬም እስከ መጨረሻው "ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው" ነበር የምትለው። ከአራቱ ቁራጮች ሦስቱ ደረቁ፤ አንዷ ሥር ሰደደችና በሦስተኛው ዓመት መስኮታችን ደረሰች። በጭጋጉም በብርዱም ቅጠሏ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።

ያን የካቲት እማዬ እንግሊዝኛ ልትማር የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ከስልክ ኩባንያ ደብዳቤ ሲመጣ መዝገበ ቃላት ይዛ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት ትቀመጣለች፤ ላንብብልሽ ስላት "ተዪው፣ ይገባኛል" ትለኛለች፣ ሳትቆጣ። በዓመቱ ሚስተር ክላይድ ጽጌረዳዋን ሊያዩ ብቅ ሲሉ ደረጃው ላይ ቆመው በዚያች ስብርብር እንግሊዝኛዋ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፤ እኔ በመስኮት አያቸዋለሁ፣ የሚያስቃቸውን ግን አልሰማም።

ከዚያ ቤት ምን አጣሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አባቴን የምል ይመስለዋል፤ አባቴንም አጥቻለሁ። እኔ ግን አብዝቼ የማስበው ሌላ ነው። በሐኪም ቤት መስኮት ፊት፣ ባንክ ተራ ስንጠብቅ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ እጅጌዬን ሳብ አድርጋ ዓለሙ ሁሉ የሚላትን ነገር ከእኔ አፍ ትጠብቅ ነበር፤ ያልኳትንም ሁሉ ታምነኝ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሠላሳ ዓመት አብረን ኖርን፤ ቆሽቴን አሳርራ አታውቅም፣ ስትሞትም እጇ እጄ ውስጥ ነበር። እጅጌዬን ግን ዳግመኛ አልሳበችውም።