ሰባተኛዋን ያየ ሹፌር

የወንድሜን ሞት የሰማሁት ልብስ ሳሰጣ ነው። ብዙ ዓመት በአንድ አውቶብስ አብሮት የሠራው ረዳቱ የግቢውን በር ገፋ አድርጎ ገባና ገመዱ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። እርጥብ አንሶላ ይዤ ነበር። «እትዬ፣ ጋሼን መኪና ገጨው» አለኝ። የት ሆስፒታል ነው ያለው ብዬ ጠየቅሁት። እሱ ጎንበስ ብሎ መሬት ሊነካ የደረሰውን የአንሶላ ጫፍ ያዘልኝ። ሁለታችን አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘረጋነው፤ መቆንጠጫም አደረግሁበት። የተቀመጥኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሊያጽናኑን ከመጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዕድሜውን ሙሉ አውቶብስ የነዳ ሰው እንዴት መኪና ሳያይ ቀረ ይባባሉ ነበር። አልፈርድባቸውም። የማውቀውን ልጻፍ ያልኩት ለዚህ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእናታችን ነው። የሰው ልብስ አጥባ ያሳደገችን እናታችን፣ ማምሻውን ሥራዋን ስትጨርስ እኔንና ወንድሜን ደጃፍ ላይ አቁማ ሰማይ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው የሚታዩትን ትናንሽ ኮከቦች ታስቆጥረን ነበር። ሰባት እህትማማቾች ናቸው ትለናለች። አንድ አዳኝ ተመኝቷቸው ሲያሳድዳቸው፣ ምድር መሸሸጊያ ብትነፍጋቸው ሰማይ ወጡ። አዳኙም አልተዋቸውም፤ ወገቡን በሦስት ኮከብ ታጥቆ ይኸው እስከ ዛሬ ከኋላ ከኋላቸው ነው። ስድስቱ የሰማይ ባል አገቡ። ሰባተኛዋ ግን አንድ ተራ፣ ሟች የሆነ የምድር ሰው ወደደች፤ ስለዚህ እህቶቿን ታፍራለች፤ ፊቷን ትሸፍናለች። «አፍጥጣችሁ ካያችኋት ትደበቃለች» ትል ነበር እናታችን፤ «እህቶቿን የምታዩ መስላችሁ በጎን ስረቋት።»

እኔ በጎንም በፊትም ብዬ ከስድስት በላይ ቆጥሬ አላውቅም። ወንድሜ ግን ያያታል። «ያቻትና! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ይምላል፤ እኔ ውሸታም እለዋለሁ፤ እናታችን ሁለታችንንም ወደ ቤት ትነዳናለች።

አድጎ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲል «መጀመሪያ ለእኔ ተፈተን» ብላ ደጃፍ አቆመችው። ሰባት ቆጠረ፤ መረቀችው። ያ ነገር ልማድ ሆኖበት ቀረ። እናታችን ከሞተች በኋላም፣ የጉዞ ዋዜማ ጀንበር ጠልቃ እራት እስኪቀርብ ድረስ ወጥቶ ይቆጥራል፤ ሲገባም «ፈቃዴ ታደሰ» ይላል። ኮከቦቹ ከፀሐይ ጋር አብረው ጠልቀው ወይ ገና ሳይወጡ፣ በዚያ ሰዓት ጨርሶ የማይታዩባቸው ወራት አሉ። ያኔ ደግሞ «ያለ ፈቃድ እየነዳሁ ነው፤ ለትራፊክ እንዳትነግሪብኝ» ይለኛል።

መናኸሪያ ውስጥ «ኮከብ ቆጣሪው» ነበር የሚሉት። ትኬት የሚቆርጡት ሴቶች መዳፋቸውን እየዘረጉ ባል መቼ እንደሚያገኙ ይጠይቁታል። እሱ ራሱ ሳያገባ ከእኔ ጋር በመኖሩ ረዳቱ «የሰው ኮከብ ሲቆጥር የራሱ ሳይገጥምለት ቀረ» እያለ ያሾፍበታል። አውቶብሱ መንገድ ላይ ሲበላሽ ተሳፋሪውን አስወርዶ፣ ከመሸ የእህትማማቾቹን ታሪክ ያወራላቸው ነበር አሉ። መካኒክ እስኪመጣ ማንም አይጨቃጨቅም።

አንድ ምሽት ቆጥሮ ሲገባ «ፈቃዴ ታደሰ» ሳይል ተቀመጠ። ምነው አልኩት።

«ስድስት ናቸው። እሷ የለችም።»

ደመና ይሆናል አልኩት። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። በማግስቱም አላያትም፤ ከዚያም ወዲህ አላያትም። ሁለታችንም አልደነገጥንም። ታሪኩን እናውቀዋለን፤ ድሮም የምታፍር ናት። «ሸመገልኩ መሰለኝ፣ ከእኔም ማፈር ጀመረች» ብሎ ሳቀ። ስድስቱን ጥርት አድርጎ ያያቸው ስለነበር የማለፊያ ነጥቡን ወደ ስድስት ዝቅ አድርጎ መንዳቱን ቀጠለ። መንጃ ፈቃዱን ሲያሳድስም ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፊደሎች እስከ መጨረሻው መስመር አነበበላቸው። አሳለፉት።

ከዚያ የግራው ስፖኪዮ የመናኸሪያውን በር ገጨ። ጠግነውለት እንደገና ገጨ። ወንድሜ በሩ ጠቧል አለ። ረዳቱ «በሩ ነው የጠበበው ወይስ አውቶብሱ ነው የወፈረው?» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀው። ቤት ውስጥም የቁም ሣጥኑ በር ክፍት ከሆነ ትከሻው ይመታዋል፤ ብርጭቆ ከጎኑ ካስቀመጥኩ በክርኑ ይጥለዋል። እኔ ድካም ነው እል ነበር።

አንድ ቀን ረዳቱ ለብቻዬ ሊያናግረኝ መጣ። ቀልድ አልነበረውም።

«እትዬ፣ ጋሼ በጎን የሚመጣ ነገር አያይም። እኔ ነኝ የማይለት።»

ለወራት ከበሩ አጠገብ ቆሞ «ሞተር መጣ፣ ጋሪ አለ፣ ትንሽ ጠብቅ» እያለ ጎኑን ሲጠራለት ኖሯል። ወንድሜም ሰምቶ ይቆማል። ስለ ነገሩ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። በዚያ ሳምንት ግን ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ አንድ ብስክሌተኛ ከጎን መጥቶ ለጥቂት ተረፈ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ አንዱን ዓይኑን አስሸፍና፣ ፊት ለፊት ያለችውን ነጥብ ብቻ እንዲያይ ነገረችው፤ ከዚያ ትንሽ መብራት ይዛ ከኋላው ጀመረች። «ሲታይዎ ይንገሩኝ» አለችው። መብራቷ ጆሮውን አለፈች። እሱ ዝም። ጉንጩ ጋ ደረሰች። ዝም። ነጥቧን አፍጥጦ እያየ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ልስለው፣ ወንበሬን ላንቀሳቅስ፣ በሆነ ነገር ምልክት ልስጠው አሰኘኝ። ምንም አላደረግሁም። መብራቷ አፍንጫው ፊት ልትደርስ ስትል «አሁን» አለ። ሌላኛውም ዓይኑ እንደዚያው ነበር።

ግላኮማ ነው አለችን። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን እየጎዳ እይታን ከዳር ጀምሮ ይበላል፤ መሐሉ ደህና ስለሆነ ሰውየው አይታወቀውም።

«ኮከብ እኮ እቆጥራለሁ» አላት።

«ስንት ይቆጥራሉ?»

«ስድስት። ድሮ ሰባት ነበሩ። አንዷ ታፍራለች።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። ደብዛዛ ኮከብ በዓይን ዳር እንጂ በመሐሉ እንደማይታይ ነገረችው፤ የሄደውም ዳሩ ነው። ተመልሶ ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቃት። የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እህት ነዎት? በዘር ይሄዳል። እርስዎም ይመርመሩ።» እሺ አልኩ።

ቁልፉን ያስረከበው በዚያው ቀን ነው። መናኸሪያው ትኬት ቆራጭ አድርጎ መስኮት ላይ አስቀመጠው። ዕረፍት ሲያገኝ የድሮ አውቶብሱ ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ እስከሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል፤ ቁልቁለት ላይ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ረዳቱ «ጋሼ ጡረታ ቢወጣም እግሩ አልወጣም» ይል ነበር። ወንድሜ ይስቃል። ግን «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ማለት ተወ። እኔም መተዉን እንዳላየሁ ሆንኩ።

ማታ ማታ ጠብታውን የማደርግለት እኔ ነበርኩ። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጣሪያውን እያየ ይጠብቀኛል። አንድ ምሽት እንደዚያ ሆኖ ሳለ አዳኙን አነሳ።

«ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ይደርስባቸዋል ብዬ እፈራ ነበር» አለ። «ለካ መድረስም አያስፈልገው። እነሱ ናቸው አንድ በአንድ ከዓይን የሚጠፉት።»

ዓይንህን ጨፍን አልኩት፤ ጠብታው እንዳይፈስ።

የሞተ ቀን ከመናኸሪያው ወጥቶ ዳቦ ሊገዛ መንገድ ሲሻገር ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ። ዕቃ የጫነች መኪና በግራው በኩል ከቅያስ ወጣች። ነጂው ከቀብር በኋላ ቤታችን መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ የሰጠሁትን ውሃ ይዞ አልጠጣም። «ፊቱ ወደ እኔ ያዘነበለ መሰለኝ፤ ያየኝ መስሎኝ ነው» አለ። አንተ አላጠፋህም ልለው ፈልጌ ነበር። ወንድሜ አላጠፋም ለማለትም ፈልጌ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ምንም አይጠቅምም። ውሃውን ተቀበልኩትና ሸኘሁት።

አሁን ቤቱ ውስጥ የቁም ሣጥኑ በር ክፍት ቢሆን የሚመታው ሰው የለም፤ እኔ ግን አሁንም እዘጋዋለሁ። የጀመርነው ጠብታ ፍሪጅ ውስጥ እንቁላሎቹ አጠገብ ቆሟል። ረዳቱ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ከአዲሱ ሹፌር ጋር አይቀላለዱም። በርም አልገጩም አለኝ።

ማምሻውን ልብስ ከገመድ ሳወርድ ኮከቦቹ ከውሃ ታንከሩ በላይ ይታያሉ። ቀና ብዬ እቆጥራለሁ። ስድስት ናቸው። ድሮም ከስድስት በላይ አይቼ ስለማላውቅ፣ የጎደለብኝ ነገር ይኑር አይኑር ከዚህ ቆሜ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ይህንንም እያወቅሁ በማግስቱ እቆጥራለሁ። ሐኪሟ ወዳዘዘችኝ የዓይን ምርመራ እስከ ዛሬ አልሄድኩም።