እግረኛዋ ወፍና የእኔ እንቢታ

አሜሪካ፣ አሌክሳንድርያ ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ምድር ቤት ተቀምጬ፣ ረግጫት የማላውቃትን የአንዲት ሞቃት ደሴት ወፎች እመዘግብ ነበር። ባለሙያዎቹ ከደሴቲቱ ፎቶና ድምፅ ይልካሉ፤ እኔ የየወፉን ምንቁር፣ የእግር ቀለምና አጯጯህ አይቼና ሰምቼ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ። ከዚያ በፊት አርሊንግተን ፓርኪንግ ስሠራ ስለነበር፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ደመወዝ መብላት ራሱ ሹመት ነበር።

ወፎቹ ግን ቀስ በቀስ ልቤ ውስጥ ገቡ። በተለይ አንዷ። ከዚያች ደሴት በቀር የትም የማትገኝ፣ ቡናማ፣ እግሯ ቀይ፣ መብረር የተወች ወፍ ነበረች። የሚያሳድዳት አውሬ ስላልነበረ ክንፏን ረስታ በእግሯ ትሮጣለች። ድምፅዋ የተናደደ ሽማግሌ ሳል ይመስላል። ማታ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ፣ ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ሁሉ ተገትሮ ሳለ፣ እሷን እያስመሰልኩ እስላለሁ። ባለቤቴ፣ "ዶክተር ጋ አፖይንትመንት ልያዝልህ ወይስ ወፏን ልዳርልህ?" ትለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያች ወፍ በዓይኔ ላየው የጓጓሁት ነገር የለም።

አንድ ቀን አለቃዬ፣ ቀጥተኛና ቁም ነገረኛ አሜሪካዊት፣ ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ቆመች።

"ለመጨረሻው ቆጠራ ወደ ደሴቲቱ እንሄዳለን። አንድ ቦታ ተርፎናል። መሄድ ትፈልጋለህ?"

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን እናቴ ያሳደገችው አፍ ነው። ሦስቴ ሳይለመን እሺ የሚል ሰው ስግብግብ ነው።

"ኧረ ተዪው፣ አላስቸግራችሁም" አልኳት በእንግሊዝኛ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ።

"እሺ" አለችና ሄደች።

ተመልሳ እስክትለምነኝ ጠበቅኩ። መልሴን ሳይቀር አሰናድቼ ነበር፤ ለሁለተኛው ልመና "እንግዲህ እናንተ ካላችሁ"፣ ለሦስተኛው "በቃ፣ ምን ይደረግ"። በማግስቱ ቦታውን ለአንድ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ሰጠችው። ንስርን ከዶሮ የማይለይ ሰው! ጥያቄዋን እንኳ ሳትጨርስ ነው አዎ ያላት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ላይ ሁለቱም ደርሷል። ለባለቤቴ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች፤ በኋላ ፊቴን አየችና ተነስታ ሻይ አፈላችልኝ።

ተጓዦቹ ተመለሱ፣ ምዝገባው ተጠናቀቀ፣ ሥራውም አበቃ። ለመሰነባበቻ አለቃዬን ቤታችን ራት ጠራናት። ጥሩ በላችና "አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ" አለች። ባለቤቴ ወጥ ጨመረችላት። "የእውነት ጠግቤያለሁ" ስትል ደግሞ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አፏ ድረስ አመጣችላት።

"ፕሊስ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!"

ምስኪኗ ጎረሰች። እንደ ምንም ዋጠችና ወደ እኔ ዞረች።

"አልፈልግም እያልኳት ለምን ትጨምርልኛለች?"

"እኛ ጋ የመጀመሪያው እንቢታ አይቆጠርም" አልኳት እየሳቅኩ። "ጨዋነት ነው። ሰው እሺ እስኪል ይለመናል።"

እሷ አልሳቀችም። ትክ ብላ አየችኝ።

"ያኔ ስለ ደሴቲቱ ስጠይቅህ..."

"ኧረ እሱ ምንም አይደል!"

"መሄድ ፈልገህ ነበር?"

"አይ፣ እንዲያው፣ ያን ያህል እንኳ..."

ባለቤቴ ሌላ ጭልፋ ወጥ ይዛ በላያችን ቆማለች። አለቃዬ እጇን ከትሪው አነሳች።

"መሄድ ፈልገህ ነበር?" አለችኝ እንደገና፣ ቀስ ብላ።

"አዎ" አልኳት። "በጣም።"

ከእንግዲህ የሚኬድ ጉዞ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ባለቤቴ ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰችው።