በሽቦ የታሰረው ኮምፒውተር

አዲስ ዓለም ሰፈር አነስተኛ ማተሚያ ቤት ያለው ዐብዱልከሪም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት አጥብቆ የያዘ ሰው ነው። ከማክሰኝት ያስመጣውን ጤፍ ቤቱ ከገባ በኋላ እንደገና ይመዝነዋል። የሰርግ ካርድ ሊያሳትም የመጣ ሙሽራ ሳቅ ካበዛ፣ ይሄ ሰውዬ ምን አስቦ ነው እያለ ሲብሰለሰል ይውላል። የገዛ ጥላው እንኳ ከፊቱ ሲሄድ እንጂ ከኋላ ሲከተለው ደስ አይለውም። ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅለት።

ይህ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚሳሳለት ነገር የአባቱ የሸህ ዐብዱረሕማን መንዙማ ነው። ሸህ በሕይወት ሳሉ በየመውሊዱ ለነቢዩ ሰለዋት እያወረዱ የሚያዜሙትን ያን የምስጋናና የልመና ግጥም ዛሬ የሚያውቁት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነው። ዐብዱልከሪም መጽሐፍ ላድርገው ብሎ ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል በሩን ቀርቅሮ፣ ፊደሉን በሁለት ጣቱ እየለቀመ ለዓመታት ጻፈው። ከያንዳንዱ ግጥም ጎንም አባቱ በዐረብ ፊደል የጻፉትን አማርኛ ፎቶ እያነሳ ለጠፈበት።

መጽሐፉ እየወፈረ ሲሄድ ኮምፒውተሩ አቅም አነሰው። መጀመሪያ ተንቀረፈፈ፤ ቀጥሎ ማቃሰት ጀመረ፤ በመጨረሻም መጽሐፉ ሊከፈት በተነካ ቁጥር ስክሪኑ ይነጣና የገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም በራሱ ጊዜ ይዘጋ ጀመር። ዐብዱልከሪም ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገረም፤ ሰው ነው። ከዚህ ቀደም ፒያሳ ያለ አንድ ጠጋኝ ሣጥኑን ከፍቶት ነበርና፣ ሚሞሪውን ግማሹን ነቅሎ ሸጦታል ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲያ ሣጥኑን ዙሪያውን በሽቦ አስሮ ቁልፍ አንጠለጠለበት። አዲስ ግዛ ያሉትን ሁሉ፣ አዲሱ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፣ ኢንተርኔት ካለ ደግሞ አገር ምድሩ ይሰማል እያለ መለሳቸው።

መውሊድ ሲቃረብ ግን ጨነቀው። ሽማግሌዎቹ በዘንድሮው መውሊድ መጽሐፉን ይዘው እንዲያዜሙ ሊያደርስላቸው ቃል አስገብተውታል፤ ከመካከላቸው አንዱ ከአልጋ መነሳት ካቃታቸው ሰንብቷል። ስለዚህ ሳይወድ በግዱ የእህቱን የዙበይዳን ልጅ ሰልማን ጠራት። ሰልማ ኮምፒውተር የተማረች፣ እዚያው ግቢ ያደገች ልጅ ናት። ያም ሆኖ ወንበር ስቦ ከኋላዋ ተቀመጠ።

ሰልማ ሽቦውን እንኳ አላስፈታችውም። ማኪናው አልተሰረቀም አለችው፤ ሚሞሪው ድሮም ትንሽ ነው፣ ችግሩ ፕሮግራሙ መጽሐፉን በሙሉ ባንድ ጊዜ ተሸክሞ ልነሳ ማለቱ ነው። እሱ የሚጠቀምባቸው የፊደል ዓይነቶች ሁለት ብቻ ሳሉ መዓት ጭኖበታል። ፎቶዎቹም ግድግዳ የሚያለብሱ ናቸው። የማይፈለገውን ፊደል እናውጣ፣ ፎቶዎቹን እናሳንስና ከመጽሐፉ አውጥተን ጎን እናስቀምጣቸው፣ ሲፈለጉ ብቻ ይጠራሉ፤ መጽሐፉንም በየምዕራፉ እንክፈለው፣ ፕሮግራሙ ፊቱ ያለውን ብቻ ይያዝ፣ ሌላውን ወደ ዲስኩ ይመልስ አለች።

እሱ ከዚህ ሁሉ የሰማው «እናውጣ» የሚለውን ብቻ ነበር። ወጥቶ የሚቀር ነገር አለ ማለት ነው። በዓይኔ የማላየው ገጽ መኖሩን በምን አውቃለሁ ብሎ አፋጠጣት።

ሰልማም ወደ እሱ ዞር ብላ፣ «አጎቴ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ ቁርኣን ሲቀሩ በሙሉ ባንድ የእንጨት ሉሕ ላይ ጻፉት እንዴ? ጽፈው፣ በቃል ይዘው፣ ጣውላውን አጥበው አይደል ሌላውን የሚጽፉት? ሉሑ ትንሽ ነው ተብሎ ቁርኣን ጎደለ?» አለችው።

አባቱም ቁርኣን ያስቀሩት በዚያው መንገድ ነው፤ ሥራሽን ቀጥዪ አላት። ነገር ግን ሉሕ የሚለው ቃል ሌላ ነገር አስታወሰው። እሱ ሉሕ ላይ ተጽፎ ስለታጠበ ነገር ማንም የማያውቀውን ያውቃልና።

ሸህ ዐብዱረሕማን በመጨረሻ ሕመማቸው ሰሞን አንድ መንዙማ ሉሕ ላይ ጽፈው፣ ያኔ ጎረምሳ የነበረውን ዐብዱልከሪምን በቃሉ አስያዙትና ሉሑ ይታጠብ አሉ። ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ዐብዱልከሪም ኮምፒውተሩ ውስጥም አላስገባውም፤ በቦታው አንድ ባዶ ገጽ ትቶ አለፈው። መጽሐፉን የሚሰርቅ ቢመጣ ጎደሎውን ይሰርቃል፤ ሙሉው እኔ ጋ ነው ብሎ ነው። ይህን ብልሃቱን ባሰበ ቁጥር አንጀቱ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ሰልማ ሥራዋን ስትጨርስ መጽሐፉ ተከፈተ። ያ ሲያቃስት የነበረ ማኪና ድምፁን አጥፍቶ ገጹን ተራ በተራ ገለጠ። ዐብዱልከሪም አትሞ፣ ከአባቱ ጽሑፍ ጋር መስመር በመስመር አስተያየ። ምንም አልጎደለም። ሌላ ሰው ቢሆን አልሐምዱሊላህ ይል ነበር፤ እሱ ግን ይበልጥ ጠረጠራት። እንዲህ እንከን የማይወጣለት ሥራ የሚሠራ ሰው አንድ የደበቀው ነገር ቢኖረው ነው።

በማግስቱ ሰልማ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። አንድ ገጽ ባዶ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ስከፋፍለው ያጠፋሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም አለችው። ዐብዱልከሪም እውነቱን ሊነግራት ሲገባ ፈልጊያ ብሎ ሄደ። ምስኪኗ ልጅ እህል ውሃ ሳትል ዲስኩን ስታገላብጥ ዋለች፤ እሱም በበሩ ስንጥቅ እያየ ዋለ። ያሳፍራል፤ ግን አደረገው።

በኋላ ግን ገባው። ሌባ የጎደለውን ሊሸፍን ይሞክራል እንጂ ራሱ መጥቶ ጎደለ አይልም። ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት እንደተመለሰ ሰልማ ወዳለችበት ክፍል ገባና በሩን ቀረቀረ። አንቺ አላጠፋሽውም፣ እኔ ጋ ነው፣ እኔ ልበል አንቺ ጻፊ አላት። ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ።

«የመንገዱ ጌታ አድርሰኝ ከቤቴ፣
ሰለዋት ነው ስንቄ፣ አልቆብኝ ጉልበቴ።
ሌሊቱ ቢረዝም አንተ ነህ ንጋቴ…»

ቆመ። ቀጣዩ አልመጣም። ከመጀመሪያው ተነስቶ በልቡ ተንደረደረ፤ አሁንም እዚያው ሲደርስ ገደል ሆነበት። ወረቀት ሳያምን፣ ማኪና ሳያምን፣ ሰው ሳያምን የቆለፈበት ራሱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አባቱን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበራቸው መሰለው።

ድንገት ጆሮው ነቃ። እሱ ካቆመ ቆይቷል፤ የሰልማ ጣቶች ግን አላቆሙም። ዓይኑን ገልጦ ስክሪኑን አየ።

«ሁሉም ቢረሳኝም አትርሳኝ በሞቴ።»

«ከማን ሰረቅሽው?» አላት።

«ምነው አጎቴ፣ እማዬ ስታስተኛን የምትለው እኮ ነው። የሸህ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ዐብዱልከሪም በሩን በርግዶ ወጣ። ዙበይዳ ግቢው ውስጥ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። ያን መንዙማ ከየት አመጣሽው ብሎ አፈጠጠባት። እሷ አልደነገጠችም፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራረገች።

«አያ ዐብዱልከሪም፣ ሉሑን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ? አባባ በቃሌ ሳልይዘው ውሃ እንዳላስነካው አስምለውኛል። ላንድ ሰው ብቻ አይታመንም ብለው።»

ለካ ጥርጣሬውን የወረሰው ከአባቱ ኖሯል። እሳቸው ግን ጠርጥረው ለሁለተኛ ሰው አካፈሉ፤ እሱ ጠርጥሮ ቆለፈ። ደግሞ አመሉ አይለቅምና፣ ለሌላ ለማን ብለሽዋል ብሎ ጠየቃት። እቅፌ ላይ ለተኛ ልጅ ሁሉ አለችው፤ የኔም ይሁን የጎረቤት።

ይዟት ገባ። ዙበይዳ ያን ክፍል ረግጣው አታውቅም ነበር። የታሰረው ሣጥን አጠገብ ቆማ መንዙማውን እስከ መጨረሻው አለችው፤ ሰልማ ጻፈች፤ ባዶው ገጽ ሞላ። ዐብዱልከሪም ጥግ ላይ ተቀምጦ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። ግቢው ሙሉ ልጅ እያንቀላፋ የያዛትን ያችን ስንኝ፣ የረሳት እሱ ብቻ ነበር።