ሰርኬ የሰማችው

ሰርኬ አምኃ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስትመለስ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ በምትወጣው ቀጭን መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሬዲዮዎች ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። ያ ሰዓት የውጭ ጣቢያዎች በአማርኛ ዜና የሚያሰሙበት ሰዓት ነው። የጋቢና የነጠላ ሱቆች ተዘግተው፣ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ጆሮውን ከሬዲዮው ጋር አጣብቆ ያዳምጣል። እሷ ስታልፍ ግን አንዱ ያስላል፤ አንዱ ልጁን ይጣራል፤ ሌላው ጣቢያውን ወደ አገር ቤቱ የሰልፍ ማርሽ ይመልሰዋል። «የመንግሥት ጆሮ» ነበር የሚሏት።

ሐሜቱ ግማሹ እውነት ነው። የሰርኬ እንጀራ ጆሮዋ ነበር። መሀል ከተማ፣ መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ደፍታ የውጭ ጣቢያዎችን ዜና ትሰማለች፤ በቴፕ ትቀዳለች፤ ከዚያ ቃል በቃል በታይፕ ትመታዋለች። የመታችው ወረቀት ታሽጎ ወደ ላይ፣ ወደ ሹማምንቱ ይሄዳል። ሕዝቡ እንዳይሰማ ጣቢያዎቹ ላይ ጩኸት ይለቀቅባቸዋል፤ ሹማምንቱ ግን ሕዝቡ እንዳይሰማ የተደረገውን ማወቅ ይፈልጋሉ። በሰው ላይ ነግራ አታውቅም። ይህን ደግሞ ለማንም ማስረዳት አትችልም፤ በተቀጠረች ቀን የሰማችውን ለወለዷት እንኳ እንዳትናገር አስምለዋታል።

አባቷ አቶ አምኃ ከዶርዜ በወጣትነታቸው የመጡ ሸማኔ ናቸው። እግራቸውን ከሽመና ጉድጓዱ ሳያወጡ፣ መወርወሪያቸውን እንደያዙ፣ ሁልጊዜ ማታ ማታ «ዛሬስ ዓለም እንዴት ዋለች?» ይሏታል።

«ደህና ዋለች፣ አባባ።»

ከዚያ በላይ ጠይቀዋት አያውቁም።

በሰፈሩ ድምፁን የማይቀንስባት ሰው ቢኖር እትዬ ረሂማ ብቻ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከሰርኬ ቤት ጋር አጥር በሚጋራው ግቢያቸው ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባና የባትሪ ድንጋይ እየቸረቸሩ አንድ ልጃቸውን ሙዘይንን አሳድገዋል። የሰርኬ እናት በሞተች ጊዜ ልጅቷን አቅፈው ያደሩት እሳቸው ናቸው። ሙዘይን ከሰርኬ ትንሽ ያንሳል፤ በአንድ ግቢ አፈር ፈጭተው ነው ያደጉት። በመጀመሪያው ዙር ብሔራዊ ውትድርና ሄደ። የተባለውን ጊዜ ጨረሰ፤ አልለቀቁትም። መጨረሻ ላይ ወሬውን ያመጣው አንድ የጦር መኪና ሹፌር ነው፤ «ልጅዎ ሰሜን፣ አፍአበት ነው ያለው፤ ደህና ነው፣ ጠቁሯል ብቻ» አላቸው። እትዬ ረሂማ ያችን ቃል ይዘው ከረሙ። «ጠቁሯል ብቻ» እያሉ ለገበያተኛው ሁሉ ያወሩ ነበር።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ወር ውስጥ፣ ሰርኬ እንደ ወትሮዋ ማዳመጫዋን ደፍታ ሳለ ከጩኸቱ መሀል «አፍአበት» የሚል ቃል ብቅ አለ። ተናጋሪው የእህል ዋጋ እንደሚያነብ ሰው ድምፁን ሳያነሳ ሳይጥል ነበር የሚያነበው። ከተማዋ በአማፅያኑ እጅ ወድቃለች። እዚያ የሰፈረው ጦር ተበትኗል። የሞተው አልታወቀም፤ የተማረከው በሺህ ይቆጠራል።

ቴፑን መልሳ ሰማችው። እንደገና መለሰችው። ያው ነው። ልትመታው ስትቀመጥ ጣቷ እየሳተ ወረቀት አበላሸች።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ጠዋት ጠዋት ሳይሳለሙ የማይመጡ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ቆመው ጀመሩት፤ ተቀምጠው ጨረሱት።

«የካርቦን ቅጂው የታለ?»

ሰጠቻቸው። ክብሪት ጭረው የሲጋራ መተርኮሻው ላይ አቃጠሉት፤ አመዱንም በጣታቸው ፈጩት።

«ስሚኝ፣ ሰርኬ። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል ከወጣ፣ ያወጣነው እኔ ወይ አንቺ ነን። እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ።»

ከዚያ በኋላ የአገሩ ሬዲዮ ምንም አላለም። ስለ ቡና ምርት ተናገረ፤ ስለ ወዳጅ አገር ልዑካን ተናገረ፤ ዘፈን ለቀቀ፤ በውጭዎቹ ጣቢያዎች ላይ ደግሞ ጩኸቱ ስለበረታ ሰፈሩ የሰማው ነገር አልነበረም። ሰርኬ ማለዳ ማለዳ እትዬ ረሂማን በአጥሩ ላይ ሰላም ስትል ዓይናቸውን ማየት አቃታት። እሳቸው ግን እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

«ሰርኬዬ፣ ልሄድ ነው» አሏት አንድ ቀን፣ አጥሩን ተደግፈው።

«የት?»

«አስመራ ነዋ! ረመዳን ሳይገባ ልጄን ልየው። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጡልኝ፤ ጌጡን ስንት ቀን ደጅ ጠንቼ መሰለሽ። ከአስመራ ወደ አፍአበት የሚወጣ መኪና አይጠፋም ብለውኛል።»

ጌጡ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው።

«ትንሽ ቢቆዩስ፣ እትዬ ረሂማ?»

«ምን ልቆይ? የሰማሽው ነገር አለ እንዴ?»

«ኧረ ምንም!»

ያንን ያለችበት አፏ ቀኑን ሙሉ መረራት። ሴትዮዋ አስመራ ቢደርሱ የሚጠብቃቸው ምንድን ነው? አፍአበት የሚል ቃል ኬላ ላይ ከአፋቸው ቢወጣ፣ «ማን ነገረሽ፣ እዚያ ማን አለሽ፣ ምን ልታዪ መጣሽ» ሊባሉ ነው። አልናገርም ብላ ምላለች፤ አለመናገሯ ግን ሰው ሊያስበላ ነው።

በማግስቱ አመሻሽ ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤቷ ሳትገባ ወደ ሱቁ ገባች። እትዬ ረሂማ በሶውን በጨርቅ ቋጥረው፣ በላዩ ሹራብ እያጠፉ ነበር። ሰርኬ አንድ ቃል ሳትናገር ከሳሙናዎቹ መሀል የሱቁን ትንሽ ሬዲዮ አወረደች። አንቴናዋን ስባ ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር አስነካችው። መርፌዋን ቀስ አድርጋ አዞረች። መጀመሪያ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ጩኸት መጣ። ጣቢያው ከጩኸቱ ለማምለጥ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ እንደሚል ታውቃለች፤ የፀጉር ያህል ጨመረችበት፤ ስለ አፍአበት የሚያወራ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ምንድን ነው ልጄ?» አሉ እትዬ ረሂማ።

«እኔ ሳሙና ልገዛ ነው የመጣሁት። ምንም አላልኩዎትም» አለችና ሳሙናውን ይዛ ወጣች።

ቤቷ ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀች። ጩኸት ይመጣል ብላ ነበር። እሪታ ይመጣል ብላ ነበር። ምንም አልመጣም። አባቷ ሥራቸውን አቁመው አዩዋት፤ ያን ቀን ስለ ዓለም አልጠየቋትም።

ሲነጋ እትዬ ረሂማ አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። ዓይናቸው ደርቋል።

«ሰርኬ፣ ይለቀሳል?»

«አይለቀስም። ገና አልተነገረም።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ገቡ።

ጉዞው ቀረ። ሱቁ ተከፈተ፤ ሴትዮዋ ግን ጨው ለጠየቃቸው ላምባ ይሰጣሉ። ልጆቻቸው ሰሜን የዘመቱባቸው የሰፈሩ እናቶች ይህን አዩ። አንዷ ገብታ በጆሯቸው ጠየቀቻቸው፤ በጆሮዋ መለሱላት። እሷ ለሌላዋ ነገረች። ሳምንቱ ሳያልቅ በሽሮ ሜዳ ገበያ፣ ማንም ሞተ ሳይባል፣ ነጠላቸውን ለኀዘን ያዘቀዘቁ ሴቶች መታየት ጀመሩ። ድንኳን የለም፤ ለቅሶ የለም። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣጡ ይተላለፋሉ። ጌጡ ከቀበሌው ደጃፍ ቆሞ ያያቸው ነበር።

እትዬ ረሂማን አስጠራቸው።

«ይለፍ ይሰጠኝ ብለሽ እግሬ ላይ ወድቀሽ ነበር። ለምን ቀረሽ?»

«አመመኝ።»

«ማን ነው ወሬ የነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ጎረቤትሽ፣ የሸማኔው ልጅ፣ የት ነው የምትሠራው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሰው የሚሠራበትን አልጠይቅም።»

ጌጡ ሳቀ። «በይ ሂጂ» አላቸው። የፈሩት ያን ሳቁን ነበር። እየሮጡ መጥተው ለሰርኬ ነገሯት። «ዘመድ ጋ ሂጂ፤ ወደ አገራችሁ ግቢ» ብለው ለመኗት። እሷ ግን የትም ብትሸሽ አባቷን እንደሚይዙባት ታውቃለች። በማግስቱ ፊቷን ታጥባ ሥራ ገባች።

ማዳመጫዋ ጠረጴዛዋ ላይ አልነበረም። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ቀና ሳይሉ፣ ወረቀታቸውን እያገላበጡ ተናገሩ።

«የሚፈልጉሽ ሰዎች ታች አሉ። ካፖርትሽን ያዢ፤ የምትሄጂበት ይበርዳል።»

በእስር ቤት «ረሂማን ምን ነገርሻት?» እያሉ መረመሯት። «ምንም አልነገርኳትም» አለች፤ እውነቷን ነበር። እውነት መሆኑ አልጠቀማትም። ከመርማሪዎቹ አንዱ በመዳፉ ሲመታት ግራ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አልሰማችም።

ያለችበትን ፈልገው ያገኙት እትዬ ረሂማ ናቸው። አቶ አምኃ ጉልበታቸው ከድቷቸው ነበርና ስንቁን ይዘው በሩ ላይ የሚቆሙት እሳቸው ሆኑ። ዘበኛው መጀመሪያ ቀን አፈጠጠባቸው።

«ምኗ ነሽ?»

«እናቷ።»

«እሷ ሰርኬ አምኃ፣ አንቺ ረሂማ። እንዴት ሆኖ?»

«እናቷ ነኝ አልኩህ። ምሳው ሳይቀዘቅዝ አስገባልኝ።»

አስገባላቸው። ረመዳንን ሙሉ እየጾሙ አመላለሱ። ከጊዜ በኋላ መንግሥት ራሱ ስለ ሰሜኑ ጦርነት አፉን ከፈተ፤ ሰርኬ የታሰረችበትን ነገር ከተማው ሁሉ በአደባባይ አወራው። እሷን ግን የፈታት የለም። ያለ ፍርድ እንደገባች፣ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ሲገባ ያለ ፍርድ ለቀቋት። ሥራዋን አጣች። ቤት ተቀምጣ ለአባቷ ድርና ማግ ታዘጋጅ ጀመር።

መንግሥት ሲለወጥ ምርኮኞች በየመንገዱ እየተንጠባጠቡ መጡ። እትዬ ረሂማ የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው ባዩ ቁጥር ውሃ ይዘው ይወጡና ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ኑሪ የሚባል፣ አጥንቱ የወጣ ወጣት ሱቃቸውን ጠይቆ መጣ። ከሙዘይን ጋር በአንድ ምሽግ ነበር።

«ከተማዋ የተያዘች ዕለት ጠዋት አብረን ነበርን» አላቸው። «የከባድ መሣሪያ ጥይት ምሽጋችን ላይ ወደቀ። እኔ ተቆፍሬ ወጣሁ። እሱን... እኔ ራሴ ነኝ ዓይኑን የከደንኩት፣ እማማ።»

እትዬ ረሂማ ያን ጊዜ ጮኹ። ድምፃቸው እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ። ጎረቤቱ ድንኳን ተከለ፤ ወንዶቹ በመስጊድ አስከሬኑ በሩቅ ለቀረ ሰው የሚሰገደውን ሶላት ሰገዱ። ነጠላቸውን ያለ ድንኳን ያዘቀዘቁት እናቶች ሁሉ መጥተው የየራሳቸውን ልጅ እየጠሩ አለቀሱ። ሰርኬ ከእትዬ ረሂማ ጎን ተቀመጠች።

በሁለተኛው ቀን ጌጡ መጣ። ሥልጣኑ ሄዷል፤ ልብሱ ሰፍቶታል። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «አላህ ያጽናዎት» አለ። ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። እትዬ ረሂማ ግን፣

«ግባ። ለቀስተኛ አይባረርም» አሉት፤ ውሃ እንዲሰጡትም አዘዙ።

ሰርኬ ተነስታ ወጣች። ከደጅ በቆሙት በአባቷ ጎን አለፈች። ጌጡ ውሃውን ጠጥቶ እስኪሄድ ድረስ፣ በአጥሩ ማዶ ከራሷ ግቢ ቆማ ጠበቀች።