ያስተላለፍኩት የሚካኤል ተራ

ዳንግላ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ሦስት ልቅሶ ደርሻለሁ፣ ሁለት ክርስትና በልቻለሁ፣ አንድ ሠርግ አጅቤአለሁ፤ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ከምጽፈው ጽሑፍ ግን አንድ ገጽ እንኳ አልጻፍኩም። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። የአገው ምድር ገበሬ እንዴት ተረዳድቶ እንደሚኖር፣ ደቦውን፣ ወንፈሉን፣ ማኅበሩን አጥንቼ እንድመለስ አንድ ዓመት ተሰጥቶኛል። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ሰው ከሰው ጋር የሚኖረውን ኑሮ ልጽፍ ስመጣ፣ ኑሮው ራሱ ጊዜ እንደሚበላ ማንም አልነገረኝም።

በሬን ዘግቼ ስቀመጥ ጎረቤት “ታሞ ይሆን?” ብሎ ያንኳኳል። ደህና መሆኔን ሲያይ ደግሞ ይቀየማል። ቤት ያከራዩኝ ጠላ ሻጭ ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብለው፣ “ይሄ ወረቀት ሚስትህ ነው እንዴ? ታዲያ መቼ ነው የምትወልድልህ?” ይሉኛል። እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይበግናል። በዚያ ዕድሜዬ ከሰው ጋር የዋለ ቀን ሁሉ የባከነ ይመስለኝ ነበር።

አገውኛ ስለማልችል ገጠር እየወሰዱ የሚተረጉሙልኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቆሰበርና ግምጃ ቤት እስከሚባሉት አገሮች ድረስ አብረን ሄደናል። ስድሳ ዓመት አልፏቸው እንኳ ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ እኔ ዳገት ላይ ሳለከልክ ቆም ብለው፣ “መድከምህንም ጻፈው” ይሉኛል። የሚካኤል ማኅበር ውስጥ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ጊዜ የለኝም ብዬ ባንገራግር፣ “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” ብለው እጄን ይዘው ወሰዱኝ። እኔም ለጽሑፌ ይጠቅመኛል ብዬ ገባሁ።

እኚህ ሰው ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ሰባት ዓመት አይነጋገሩም ነበር። ጥሉ በፈረስ ነው። ታላቅየው ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ይኖራሉ፤ ከውርንጭላነቱ ያሳደጉትን ፈረስ ለጊዮርጊስ ጉግስ አዋሷቸው፣ ፈረሱም ጉድጓድ ገብቶ እግሩ ተሰበረ። “ቀስ አድርገህ ያዘው ብዬህ ነበር” አሉ ታላቅየው። “ያንተ ፈረስ ቀስ ማለት መቼ ያውቃል!” አሉ ታናሽየው። ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጡም። የተጣላ ሰው ደግሞ ሳይታረቅ ከአንድ ጽዋ አይጠጣምና፣ ታላቅየው ሁለቱም አባል ከነበሩበት ማኅበር ቀሩ።

የማኅበሩ ሹም፣ ሙሴ የሚሉት፣ ሊያስታርቋቸው ብዙ ደክመዋል። ግን የት ያገናኟቸው? ዳንግላ ውስጥ ስለዚያ ፈረስ ያልፈረደ ቤት አልነበረም። እኔ ብቻ ፈረሱን አላውቀውም። የሚያዝያ ሚካኤል ዕለት ጽዋው ለእኔ ሲሰጥ፣ ማለትም የግንቦቱ ድግስ የእኔ ተራ ሲሆን፣ ወሬው ታላቅየው ጋ ደረሰ። “በእንግዳው ቤት ከሆነ እመጣለሁ” ብለው ላኩ። ሽማግሌው ይህን ሊነግሩኝ መጥተው በሩ ላይ ቆሙና ንግግሩን መጨረስ አቃታቸው። ያን ቀን ከወረቀት ሌላ ለሰው የምጠቅመው ነገር ያለኝ መስሎ ስለተሰማኝ ደስ አለኝ።

በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው ከአማካሪዬ ደብዳቤ ደረሰኝ። ፈረንጅ ነው፤ በወሩ አጋማሽ አገሩ ሊሄድ ነው፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ ከዚያ በፊት ካላገኘ መመረቄ ለከርሞ ይተላለፋል። ምዕራፉ ገና ግማሽ ነበር። አከራዬ፣ “ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦውንም እኔ እጋግራለሁ፤ አንተ ቁጭ ብለህ ጻፍ” አሉኝ። እኔ ግን ሠላሳ ሰው ቤቴን ሞልቶ፣ ወረቀቴ ተነሥቶ፣ ሽማግሌ ስለ ፈረስ ሲከራከር ሲውል ታየኝና ወደ ሙሴው ሄድኩ። ከሰኔው ተረኛ ጋር አቀያይሩኝ አልኳቸው።

“ጽዋ ቤት ከገባ ወዲያ አይመለስም ነበር” አሉ ሙሴው። “ለትምህርት ሲሆን ግን ምን ይደረጋል?”

ለሽማግሌው የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ እሳቸውን ማማከር ነበረብኝ፤ አላማከርኳቸውም፤ ፊታቸውን ፈርቼ።

“የሰኔው ሚካኤል እንዲያውም ዓመታዊ በዓል ነው፣ ይበልጥ ያምራል” አልኳቸው። “አንድ ወር ምን አላት፣ አባቴ? ሰባት ዓመት ቆይታችሁ!”

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት አዟዟሩት። “እሺ ልጄ” አሉ። “ትምህርትህ ይቅደም። እኔ ሰው እልክበታለሁ።”

ምዕራፉን በሰዓቱ ላክሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ምዕራፍ ነበር። ማኅበር እንዴት የተጣሉትን እንደሚያስታርቅ የሚናገር ገጽ አለበት፤ ኋላ ፈታኞቹ እሱን ገጽ አመሰገኑልኝ። ዛሬም አንድ ሰው ያን ጽሑፍ ሲያነሣ ወሬ እለውጣለሁ።

ሰኔ በገባ በአራተኛው ቀን ታላቅየው ሞቱ። ለአንድ ሳምንት ያህል ደረታቸውን ይዟቸው ነበር አሉ፤ ለወንድማቸው ግን ማንም አልላከባቸውም፣ ጥል ነዋ። መርዶውን ለሽማግሌው ሲነግሯቸው ነበርኩ። አልጮኹም፤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፣ ከዚያ ተነሥተው መንገድ ጀመሩ። በዝናብና በጭቃ ተከተልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ እየቀደምኳቸው ቆሜ ጠበቅኋቸው።

ስንደርስ ቀብሩ አልቋል። ልቅሶው ውስጥ ሽማግሌው ከዘመድ ጋር አልተቀመጡም፤ ከሩቅ መንደር ከመጡት ለቀስተኞች ጋር ዳር ቆሙ፣ እኔም አጠገባቸው። ይህን ጊዜ የሟች ሚስት አዩዋቸውና እየተደገፉ መጡ። ከቡሬ የተዳሩ ሴት ስለነበሩ የሚናገሩት አማርኛ ነው፤ በዚያን ቀን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

“መጣህ?” አሏቸው። “አሁን መጣህ? ለዚያ ሚካኤል ጋቢውን አሳጥቦ ነበር እኮ። ጸጉሩን ተላጭቶ፣ በቅሎ ለምኖ፣ ‘ወንድሜን ልስም ነው’ እያለ እንደ ልጅ ቀን ሲቆጥር ከርሞ። ቀኑ ተላልፏል ብለው ሲነግሩት ጋቢውን አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው። ‘ሐሳቡን ለወጠ፤ እኔን ማየት አልፈለገም’ አለ። ኧረ ይመጣል ብለው አልሰማኝም። በዚያው ጋቢ ገነዝነው።”

ሽማግሌው አንዴ ወደ እኔ ዞር አሉ። በጣታቸው ሊያሳዩኝ ይችሉ ነበር፤ ይሄ ልጅ ነው ያስተላለፈው፣ ወረቀት አለብኝ ብሎ፣ ቢሉ ሁሉም ያምናቸዋል፣ እውነትም ነው። ዓይናቸውን መለሱና ሴትዮዋ እግር ላይ ወደቁ።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አሉ። “እኔ ነኝ የቀረሁበት።”

ሴትዮዋም ከእሳቸው ጋር ዝቅ ብለው ማልቀስ ጀመሩ። እኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር፤ የለም፣ እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አልተናገርኩም።