መርፌ ከለከሉ የተባሉት ጋሽ ንጉሤ

ልደታ ማርያም አጠገብ ባለችው ክሊኒክ ልጆቻችንን ሲያክሙ የኖሩት ድሬሰር ጋሽ ንጉሤ፣ በተዛወሩበት ቆላ አገር በወባ ታመው አርፈዋል። መርዶው የደረሰን ባለፈው ማክሰኞ ነው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝና መጻፍ አልለመድኩም። ነገር ግን በዕድሩ ድንኳን ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ሴት «መርፌ የከለከሉን ሰውዬ ናቸው?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። ማንም አልመለሰላትም። እኔም አልመለስኩም። ቤቴ ስገባ ግን ወረቀት ፈልጌ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ልጄ ሰላማዊት በአራት ዓመቷ ኢንፍሉዌንዛ ያዛት። ሰውነቷ እንደ እሳት ሲፋጅ ታቅፌያት ሮጥኩ። እኛ እናቶች ልጅ ካልተወጋ ታከመ አንልም ነበር። ጋሽ ንጉሤ ደረቷን አዳምጠው፣ ጉሮሮዋን አይተው፣ ፔኒሲሊን ቫይረስ እንደማይገድል ነገሩኝ። ለማን ነው የሚቆጥቡት ብዬ ተቆጣሁ።

«መርፌ ካማረሽ አንቺን ልውጋሽ» ብለው አሳቁኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ስሚኝ የሰላማዊት እናት። ቫይረስ የገባበት ሴል ዝም ብሎ አይሞትም። ለጎረቤቶቹ መልእክት ይልካል። እነሱ በራቸውን ይዘጋሉ፤ በደም ውስጥ ያሉት ወታደሮችም ይጠራሉ። መልእክተኛው ሳይቶካይን ይባላል። ትኩሳቱንም የሚያስነሣው እሱ ነው።»

መልእክቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ሰውነቱን እንደሚጎዳም አልደበቁኝም። ስለዚህ ጠዋትና ማታ እንዳሳያቸው፣ ውኃ በማንኪያ እንዳጠጣት፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ወዲያው እንዳመጣት አዘዙኝ። ሳንባ ምች ሲሆንማ ራሳቸው ይወጉ ነበር፤ የጎረቤቴን ልጅ ወግተው አድነዋል።

እኔ ግን በዚያው ቀን፣ ንዴቴ ሳይበርድ፣ በእሳቸው ላይ ለቀበሌው ተጽፎ በሰፈሩ ይዞር በነበረው ክስ ላይ ፈረምኩ። በአራተኛው ቀን ልጄ ድና ደጅ ስትጫወት የክሱ ወረቀት አስቀድሞ ከእጄ ወጥቶ ነበር።

ቀበሌው በክሱ ምክንያት በጠራው ስብሰባ ላይ አንድ ሹም፣ ስም አልጠራም ልጆች አሉኝ፣ ለሰፊው ሕዝብ የመጣ መድኃኒት ነፍገዋል፤ ይህ አሻጥር ነው አላቸው። ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ታዘዙ። ሰዓታቸውን ይዘው የልጄን ትንፋሽ ሲቆጥሩ የነበሩት ሰው! ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

«አጥፍቻለሁ ካልኩ ከነገ ጀምሮ ሕፃናትን ያለ ምክንያት ልወጋ ነው። አልልም።»

አዳራሹን የሞላነው እኛው እናቶች ነበርን፤ ልጆቻችንን ያዳኑልን። አንዳችንም አልተነሣንም። በወሩ ወደ ቆላ ላኳቸው። ዛሬ ደግሞ በራሳቸው ለቅሶ ላይ «የከለከሉን» ይባላሉ! እሳቸው እውነቱን ሳይሰስቱ ነገሩን። አንዲት ቃል የከለከልናቸው እኛ ነን።

ጋሽ ንጉሤ፣ ቫይረስ የገባባት ያቺ በዓይን የማትታይ ሴል እንኳ ለጎረቤቶቿ ትጣራለች። እኔ በዚያ አዳራሽ ከእርስዎ ሁለት ወንበር ርቄ ተቀምጬ ዝም አልኩ። የሌላውን ስም መጥራት ብፈራም የራሴን እጠራለሁ። እርስዎ እምቢ ያሉትን ግለ ሂስ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ የማደርገው እኔ ነኝ። ሰላማዊትን እጇን ይዤ እነሣለሁ። እርስዎ ይረፉ።