ደጅ የሌለው ቤት

ወደዚህ አገር ስንገባ ከአፉላ ከተማ ሽቅብ ባለው ሰፈር፣ አፉላ ኢሊት፣ የሰጡን ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሁሉ ነገር አለው፤ ቧንቧ አለው፣ መብራት አለው፣ ጣራው ላይ ፀሐይ የሚያሞቀው የውሃ በርሜል አለው። የሌለው ደጅ ብቻ ነው። በሩን ከፍተን ስንወጣ የምንቆመው የጎረቤት በር ፊት ለፊት ነው። አባቴ በመጀመሪያው ቀን ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ ሲል ቆየና ሰው ቢመጣብን የት ሊቆም ነው ብሎ ጠየቀ። ሳቅንበት። እኔማ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ደረጃው ራሱ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ከአገራችን ተነሥተን በሱዳን በኩል ወደዚህ ወደ አይሁዶች አገር ስንመጣ ታላቅ ወንድሜ እዚያው ሱዳን ተለይቶን ቀርቶ ነበር። የሚያሻግረን መኪና ሲመጣ ታሞ ተኝቷል፤ እናንተ ሂዱ፣ እኔ በሚቀጥለው እደርሳለሁ አለን። እናቴ አልሄድም ብላ መሬት ላይ ተዘረጋች። ጎትተን ነው የጫንናት። እንግዲህ አፉላ ከገባች ጀምሮ የምትኖረው ለአንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እሱን ለመጠበቅ። ከመሀል ከተማ የሚመጣው አውቶቡስ ሽቅብ ሲያቃስት በሰማች ቁጥር መስኮት ላይ ናት።

በሁለተኛው ክረምት፣ ማለቴ በዚህ አገር ክረምት፣ አንድ የአገራችን ሰው ከሱዳን ዞሮ ዞሮ ገባ። ወንድሜን በገዛ እጁ የቀበረው እሱ ነው። ለአባቴ ነገረው። አባቴ ለቄሱ፣ ለእኛ ለአይሁዶቹ የሃይማኖት አባት፣ ነገረ፤ ቄሱም ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። ሳምንት ሳይሞላ ከእናቴ በቀር አፉላ ውስጥ ያልሰማ የእኛ ሰው አልነበረም። እኔም የሰማሁት አባቴ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ውሃውን ከፍቶ፣ ፎጣ አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ሲያለቅስ ስላገኘሁት ነው።

ለምን ወዲያው አልነገራችኋትም? ልጆቼ ይህንን ይጠይቁኛል፣ ያውም በዕብራይስጥ። እስኪ ስሙኝ። መርዶ ስልክ ደውሎ የሚነገር ነገር አይደለም። ለእናት የልጇን ሞት ጓዳ አግብተው በጆሮዋ አያንሾካሹኩባትም። በእኛ አገር ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ወዳጁ ከየመንደሩ ይመጣና ደጇ ላይ ይሰበሰባል። በሯን ስትከፍት ያን ሁሉ ሰው ታያለች፤ ማንም አፉን ሳይከፍት ይገባታል። ከዚያ ጩኸቱ ይለቀቃል። ማዶ ያለው ይሰማል፣ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል። ሜዳ ላይ ወጥተው የሟቹን ልብስ ይዘው ክብ እየዞሩ፣ ሙሾ እየወረደ ይለቀሳል። ሐዘኑን አገር ይካፈልላታል። ብቻዋን ብትሸከመው ምኑን ትችለዋለች?

አሁን ይህ ሁሉ ሰው የት ይቁም? ደረጃው ላይ ይሰለፍ? ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩ፤ ቤታችን ለመርዶ አይሆንም፣ የእነሱም ቤት ያው ነው፣ አንዱ ከሌላው አይለይም። ቦታ እስኪገኝ ይቆይ ተባለ። ሁላችንም ሆድ ይፍጀው ብለን ያዝነው።

በዚያው ሰሞን ከኢሪያ፣ ማለት ከከተማው አስተዳደር፣ አንድ ወጣት አርክቴክት መጣ። ጢሙ የተንጨባረረ፣ በዚያ ብርድ ሰንደል ጫማ የሚያደርግ፣ ብብቱ ሥር የወረቀት ጥቅል ሸጉጦ የሚዞር ሰው። ዕብራይስጡ ቶሎ ስለገባኝ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ ደመወዝ የሌለው ሹመት። ከተማዋ እያደገች ነው አለ። አዲሱ ሕንጻ የሰውን ቅርስ መዋጥ የለበትም፣ ሁለቱ ተስማምተው መኖር አለባቸው አለ። ከወረቀቱ አንዱን ሲዘረጋው ክብ ቤት ተስሎበታል። ጣራው እንደ ጎጆ ሹል ሆኖ ግድግዳው ግን ኮንክሪት ነው፤ በመስኮቱ ፋንታ ቁመቱን ሙሉ መስተዋት። ለእናንተ የሚሠራ የመሰብሰቢያ ቤት ነው አለን። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎት ነበር የሚያወራው፣ ክፋት አልነበረበትም። ጎጆ እንዴት እንደሚሠራ አባቴን ይጠይቀዋል። ምሰሶው የት ይቆማል፣ ክዳኑ በምን ይታሰራል እያለ የሚነገረውን ሁሉ ይጽፋል።

አባቴ እየመለሰለት ቆየና በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

«ጣራውንስ ተወው በይው። እኛ የምንፈልገው ደጅ ነው። የምናለቅስበት ደጅ ስጠን በይው።»

ተረጎምኩለት። ሰውየው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ትንሽ አሰበ። ስንት ሰው ይሆናል አለኝ። አባቴ የመጣው ሁሉ ነዋ አለ። እንዲህ የሚባል ቁጥር ወረቀቱ ላይ አይገባም መሰለኝ፣ ሳቅ አለ። ከዚያ ግን ከክቡ ቤት ፊት ለፊት ባዶው ቦታ ላይ በእርሳሱ ትልቅ ክብ አሰመረና ይኸውላችሁ ሰፊ ደጅ አለን። በሚቀጥለው ዓመት ያልቃል አለን። አባቴ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቆረጡ፤ ደጁ ሲያልቅ እዚያ ይነገራታል፣ እንደ ወጉ።

ያን ዓመት እንዴት እንዳለፍነው እኔ ነኝ የማውቀው። የእኛ ሴቶች እናቴን ሊጠይቁ ሲመጡ ከእኛ በር ሳይደርሱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠርገው፣ ስቀው ይገባሉ። እናቴም ልጄ ሲመጣ ይህን አሳየዋለሁ፣ ልጄ ሲመጣ ያንን አበላዋለሁ ስትላቸው እንዴታ ይላሉ። አንዳንዴ ተናድጄ በሩን አላትሜ እወጣና ቁልቁል በእግሬ እስከ ገበያው እወርዳለሁ። ስመለስ እናቴ ምን ሆነሽ ነው ትለኛለች። ሽንኩርት አልቆ ነበር እላታለሁ።

የክቡ ቤት ነገር? መሠረቱ ተቆፈረ፣ ብረቱ ቆመ፣ ሲሚንቶም ፈሰሰ። አባቴ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ሲመለስ ከአውቶቡስ ይወርድና በዚያ በኩል ዞሮ ሳያየው አይገባም ነበር። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ሠራተኞቹ ሄዱ። ዝናቡ ሲያባራም አልተመለሱም። ኢሪያ ሄጄ ስጠይቅ በጀት አሉኝ፣ ከዚያ አዲስ ፕላን አሉኝ፣ ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አርክቴክቱም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ሥዕሉ ግን ኮሪደራቸው ላይ በመስተዋት ተሸፍኖ ተሰቅሎ አየሁት። ሰፊው ደጅ ላይ ሰዎች ተስለዋል፤ ቀጫጭን፣ ፊት የሌላቸው፣ አንዱም የእኛን ሰው አይመስልም። ብሰብረው ደስ ባለኝ።

ነገሩን ያፈነዳችው እናቴ ናት። በሚቀጥለው በጋ አንድ ቀን ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ቄሱ ቤት ሄደች። ለልጇ ሚስት አይታለታለች። ልጅቱ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ሕንጻ ውስጥ ናት፤ ሰባት ቤት ቆጥራ ዘመድ አለመሆናቸውንም አረጋግጣለች። እሱ ሲመጣ ሁሉም ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀው፣ ቄሱና ሽማግሌዎቹ አማላጅ ሆነው እንዲሄዱላት ለመነቻቸው። እነዚያው መርዶዋን የያዙት ሽማግሌዎች! መሬት መሬት እያዩ እስኪ እናስብበት አሏት። እሷም መርቃቸው ተመለሰች።

ቄሱ በዚያው ቀን ወደ አባቴ መጡ። ደረጃው ላይ ቆመው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ከእንግዲህ ወዲያ ይህ ኃጢአት ነው አሉት።

በሁለቱ ሕንጻዎች መሀል ሣር አለ። እኔና አባቴ የሕንጻው ኮሚቴ ኃላፊ ዘንድ ሄድን፤ ከሩማንያ የመጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ሣሩ ላይ ዳስ እንድንጥል፣ ለሰባት ቀን ብቻ እንዲፈቅዱልን ጠየቅናቸው። ሣሩ የሁሉም ነው አሉ፤ ያለ ነዋሪዎቹ ፊርማ አይሆንም፣ ነዋሪዎቹ ደግሞ ጩኸት አይፈቅዱም። ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። እሳቸውም በአገራቸው በዚያ በአይሁድ እልቂት ጊዜ ያለቁባቸውን ሰዎች ያለቀሱት አፋቸውን ይዘው እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ከመሳቢያቸው ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ። የሚቅላቱ ቁልፍ ነው፤ ለጦርነት ጊዜ መደበቂያ ተብሎ ከሕንጻው ሥር የተሠራው ክፍል። ሰፊ ነው፣ እንደፈለጋችሁ ጩኹ፣ ማንም አይሰማችሁም አሉን። ለእኛ ማሰባቸው ነበር። ሽማግሌዎቹም ሌላ ምን ምርጫ አላቸው፣ እሺ አሉ።

እናቴን ጸሎት አለ ብለን ወደዚያ አወረድናት። ግድግዳው ሻጋታ ይሸታል፣ ጥግ ላይ አሮጌ ብስክሌት ተቆልሏል። ሰዉ አስቀድሞ ገብቶ ቆሟል። የብረቱ በር ከኋላችን ተዘጋ። ቄሱ ወደ እሷ ቀረብ አሉ።

«እህቴ፣ ጠንክሪ። ልጅሽ ሱዳን ቀረ። ቀብሮት የመጣው ይኸው፣ እዚህ ነው።»

ሴቶቹ ያን ሁሉ ጊዜ የያዙትን ለቀቁት። ጩኸቱ ግን የሚሄድበት የለውም፤ ጣራውን መትቶ በራሳችን ላይ ይመለሳል። ጆሮዬን አመመኝ። ትወድቃለች ብዬ ክንዷን ግጥም አድርጌ ይዣታለሁ። እሷ ግን አልወደቀችም። ሰዉን በሙሉ አየችና ወደ ተዘጋው በር ዞረች። ውጭ ማን አለ ብላ ጠየቀች። ቄሱ ማንም የለም፣ ያለነው ይኸው ነን አሏት።

«ልጄ ቢሞት ጉድጓድ አውርዳችሁ አትነግሩኝም ነበር» አለች። «ደጅ አውጥታችሁኝ አገር ይሰማ ነበር። እናንተም አላመናችሁበትም። ስላላመናችሁ ነው የደበቃችሁኝ።»

ሰውየው እግሯ ላይ ወደቀ፤ በእጄ ነው የቀበርኩት፣ በእጄ ነው እያለ። ጎንበስ ብላ አነሣችው። በዚያ በሽታ የሰው ፊት ይለወጣል ልጄ፣ የሌላ ሰው ልጅ ቀብረህ ይሆናል፣ እግዚአብሔር ይክፈልህ አለችው። ከዚያ ክንዷን ከእጄ አላቀቀች፣ የብረቱን በር ገፋች፣ ደረጃውን ወጣች። እኛ እንዳለን ቀረን። ሙሾ አውራጇም አቋረጠች፤ እናት የሌለችበት ሙሾ ለማን ይወረዳል? ስንወጣ ሰገነታችን ላይ ልብስ ስታሰጣ አየናት።

አባቴ ሳሎኑ መሬት ላይ ሰባቱን የሐዘን ቀን ለመቀመጥ ወሰነ። እሷ ምግብ እያቀረበች ማን ሞቶብህ ነው ትለዋለች። በብሽቀት አይደለም፣ ከልቧ ነው የምትጠይቀው። የቀረበ ንፍሮ አልነበረም፣ የመጣም ሰው ትንሽ ነው፤ የመጣውም እሷን ሲያይ ምን እንደሚል ግራ ይገባውና ቶሎ ይወጣል። ያን ሁሉ ጊዜ አባቴ የጠበቀው ከእሷ ጋር ለማልቀስ ነበር። ሰባቱን ሳይጨርስ ተነሣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ሥራ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የልጁን ስም ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ዘንድሮ ይመጣል ወይ ስትለው ተነሥቶ ይወጣል። በኋላ በኋላ ደከመውና ይመጣል ይላት ጀመር።

አባቴ ብዙ ዓመት ኖሮ ሞተ። ያን ጊዜ ከተማው ለምዶናል፤ ለኢሪያ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር መጣ፣ መንገዱም ተዘጋልን። ከየአገሩ ሰው በአውቶቡስ ጎረፈ፣ ከቤርሼባም ከሃይፋም። ሙሾው ቁልቁል እስከ ሸለቆው ይሰማል። እናቴ ደረቷን እየመታች፣ እየዞረች፣ እንደ ወጉ አለቀሰችለት። ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። በሁለተኛው ቀን አጠገቧ ስቀመጥ እጄን ያዘችና ያንን ድንኳን ሙሉ ሰው በዓይኗ ዞር ብላ አየች።

«አየሽ ልጄ? ሰው ሲሞት እንዲህ ነው» አለችኝ። «ተመስገን፣ ወንድምሽስ አልሞተብኝም።»

እውነትሽን ነው እማዬ፣ አልኳት።